ሥራ የማጣት ልምምድ

ጥር 4

ዛሬም እንደ ሁልጊዜው። ጠዋት አንድ ሽማግሌ የተሰበረ ሳህን በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ። “ግድግዳዬን እንዲህ አድርጊልኝ” አሉ። ጠርዙ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ነው የፈለጉት… ሰማያዊ ማለትም ይከብዳል፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ያለው ዓይነት። ነጩ ላይ ሰማያዊ ጠብ፣ ጥቁር በስንጥር ጫፍ፣ ትንሽዬ ቢጫ። ቀባሁ፣ አደረቅሁ፣ ሳህኑን አጠገቡ አደረግሁ። ገና ነው። እንደገና። ሲገጥም ሽማግሌው ቆባቸውን አወለቁ። ሥራዬ ይኼው ነው። ሰው የሚያመጣውን ቀለም አይቶ ማስመሰል። የዕድሜዬ ግማሽ በዚህ የቀለም ፋብሪካ፣ በዚህ ጠረጴዛ ላይ አልቋል።

ምሳ ሰዓት ላይ ሬዲዮ መጣች። ሬዲዮ የምንላት የንብረት ክፍሏን ሴትዮ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ገና ያላሰበውን ሳይቀር ቀድማ ታወራለች።

“ሰማሽ?”

“ምኑን?”

“ማሽን ሊመጣ ነው። ቀለሙን ታሳዪዋለሽ፣ እሱ ራሱ አይቶ ይቀምማል። ሰው አይፈልግም አሉ።”

“ማን አለ?”

“አሉ ነዋ።”

ሳቅኩባት። ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ተራ ክሬም ቀለም ሁለቴ አበላሸሁ።

ጥር 5

እራት ላይ ለሰውዬው ነገርኩት። ሰውዬው የምለው ባሌን ነው። የፍራሽ ፋብሪካ ሾፌር ነው፣ ፍራሽ ጭኖ ለየሱቁ ያደርሳል። ማላመጡን እንኳን አላቆመም።

“የኔ ሥራ አለ አይደል? ሰው እስከተኛ ድረስ እኔ ሥራ አላጣም።”

ይቺን ቀልድ ከተጋባን ጀምሮ እሰማታለሁ። ዛሬ አላሳቀችኝም። ደሞዙ ከኔ እንደሚያንስ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። እናቱ ግን አያውቁም። ልጃቸው የቤቱ ምሰሶ ነው ብለው ያምናሉ፤ እሱም አላረማቸውም፣ እኔም አላረምኳቸውም። ምን ይጎዳኛል? ቤቱ ያው አንድ ቤት ነው።

ለካ አማቴ ጓዳ ሆነው ይሰሙናል። ወጥተው ቁጭ አሉና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉ።

“ልጄ፣ ችግር ከመጣ እኔ ታናሽየው ወንድሙ ጋ እሄዳለሁ። አንድ አፍ ሲቀነስ ለናንተም ይቀላል።”

“ኧረ እማማ፣ ምን ማለትዎ ነው?”

“እንዲያው ነው።”

እንዲያው አይመስለኝም። ከኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ ይኼን ስጡኝ፣ ያንን ግዙልኝ ብለው አያውቁም። ዳቦ እንኳን ሰው ካላቀረበላቸው አያነሱም። መጀመሪያ ጨዋነት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን እንደ እንግዳ ነው የሚኖሩት፣ ነገ ተነስቶ እንደሚሄድ እንግዳ…

ቢሄዱስ? ልጄን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እኔንም አሳድገውኛል ማለት ይቻላል፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ በዚህ ዓለም ላይ የሚቆጣኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። እንዲሄዱ አልፈልግም። በቃ። ይኼው ጻፍኩት።

ጥር 8

ሬዲዮ ማሽኑ በመርከብ እየመጣ ነው ትላለች። ትናንት በአውሮፕላን ነበር። ምነው ባልሰማኋት።

ጥር 12

ጠዋት ደወሉ ጮኸ። የእሳት ልምምድ። ያ ሁሉ ቲነርና ኬሚካል ያለበት ግቢ ስለሆነ በየጊዜው ሳይነግሩን ይደውሉታል። የያዝነውን ጥለን እየሮጥን ግቢው ውስጥ እንሰለፋለን። ልምምድ ነው ማለት ክልክል ነው። የደህንነት ኃላፊው ሁሌ የሚላት ነገር አለች፦ “ልምምድ መሆኑን ካወቃችሁ ትራመዳላችሁ እንጂ አትሮጡም።”

ፀሐይ ላይ ቆመናል። ሬዲዮ የምሳ ዕቃዋን አቅፋ ወጥታለች። ሁሉም ይቃጠል፣ ምሳዋ ግን አይቃጠልም። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ዛሬ ግን አንድ ሐሳብ መጣብኝ… ላልተነሳ እሳት እንዲህ ከተሯሯጥን፣ ላልጠፋ ደሞዝ ለምን አንለማመድም? ደሞዜ የለም ብለን ብንኖርስ? እውነቱ ሲመጣ ለምደነዋል ማለት ነው። ባይመጣም ገንዘቡ ተቀምጦ ይጠብቀናል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ የለ።

ቀኑን ሙሉ ይቺን ሐሳብ ሳመነዥክ ዋልኩ።

ጥር 16

እሑድ። ሁሉንም ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰብኳቸው። ሰውዬውን፣ አማቴን፣ ልጄን። ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ቤት ውስጥ ዳኛዋ ነው የምንላት፣ አንዴ ከፈረደች ይግባኝ የለም።

“ከየካቲት አንድ ጀምሮ ሥራ የለኝም” አልኳቸው።

አማቴ ደረታቸውን ያዙ።

“ልምምድ ነው እማማ። ልምምድ ነው።”

ከፋብሪካው ደወል ጀምሬ አስረዳሁ። ያንን የደህንነት ኃላፊውን ደንብ ሳይቀር ነገርኳቸው፤ ልምምድ ነው ከተባለ ማንም አይሮጥም። ሁለት ወር። የኔ ደሞዝ ለብቻው ይቀመጣል፣ ማንም አይነካውም። በሱ ደሞዝ ብቻ እንኖራለን።

“ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል” አለ ሰውዬው። ትንሽ ቆይቶ ግን ነገሩ ገባው መሰለኝ፣ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። “እንግዲህ ቤቱን የማስተዳድረው እኔ ነኝ ማለት ነው?”

“አዎ አባዬ” አለች ዳኛዋ። “የኳስ ቻናሉ ግን ይቆረጣል።”

“ኳስ አስፈላጊ ወጪ ነው!”

“ተቆርጧል።”

የሷ የኢንተርኔት ጥቅል በግማሽ ተቀነሰ፤ እዚህ ላይ እንባዋ መጥቶ ነበር፣ ግን በራሷም ላይ ፈረደች። የኔ ፀጉር ቤት ጭራሽ ቀረ። አማቴ ምን ይቀንሱ? ምን አላቸውና? “ሻዬን ያለ ስኳር እጠጣለሁ” አሉ። እኛም አይሆንም አልን። ቅር አላቸው፣ ከልምምዱ የተባረሩ ያህል።

ጥር 30

ሰውዬው የመጨረሻውን ኳስ አየ። ቡድኑ ተሸነፈ። “እንኳንም ተቆረጠ” አለኝ።

የካቲት 3

ምስር።

የካቲት 6

ምስር፣ ድንች፣ ምስር። ዳኛዋ “ልምምዱ የሥራ ማጣት ነው ወይስ የምስር?” አለችኝ። አንድ ጭልፋ ጨመርኩላት።

ሰውዬው ግን ሌላ ሰው ሆኗል። የሳምንቱን ወጪ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እናቱ ይመርቁታል። “ቤቱን የያዝክልኝ ልጄ” ይሉታል። እኔ ዞር ብዬ ምስሬን አማስላለሁ። ምን ልበል? አንዳንዴ ያስቀኛል። አንዳንዴ ደግሞ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ያንገበግበኛል።

የካቲት 9

ራሴን እጅ ከፍንጅ ያዝኩት። ከፋብሪካው ፊት ለፊት ያለው ምግብ ቤት እግሬ በገዛ ፈቃዱ ይዞኝ ገባ። ተቀምጬ፣ አዝዤ፣ ግማሹን ከበላሁ በኋላ ነው ሥራ እንደሌለኝ ትዝ ያለኝ። አስተናጋጁን ውሰደው ልለው ምንም አልቀረኝ።

ቤት ገብቼ ተናዘዝኩ። ሳምንት ሙሉ ዕቃ ማጠብ ተፈረደብኝ። የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ስንት ዓመት ነው እዚያ የበላሁት? ምግቡ እኮ አይጣፍጥም። ለምን እንደምበላ እንኳን ራሴን ጠይቄ አላውቅም… ደሞዙ አለ፣ ምግብ ቤቱ አለ፣ እገባለሁ። ስንት እንዲህ ያለ ቀዳዳ አለብኝ?

የካቲት 13

ኳስ የለም፤ ሰውዬው ቤቱ ውስጥ ሲንቆራጠጥ አረፈደ። በመጨረሻ “ተነሱ” ብሎ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ሜዳ ወሰደን። የሰፈሩ ልጆች ይጫወታሉ። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። አማቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ማየት ጀመሩ፤ ትንሽ ቆይተው ዳኛውን መሳደብ። “አንተ ዕውር! እጁን ነክቶታል!” ከየት አመጡት? ዳኛዋ ልጄ በሳቅ ፈረሰች።

ድንች ቀቅለን ይዘን ሄደን ነበር፣ እዚያው በላን። ምን ያህል ጊዜ ሆነን አራታችንም አንድ ቦታ ሆነን አንድ ነገር ካየን? አላስታውስም። ዛሬ ማሽኑን አንድም ጊዜ አላሰብኩትም።

የካቲት 19

ምንድነው ነገሩ? ሳሙናና እንቁላል ልገዛ ሄድኩ። የሰፈሩ ባለሱቅ ሁለት እንቁላል ጨምሮ አስቀመጠልኝ።

“አይዞሽ” አለኝ።

“ለምኑ?”

“ቀን ይጥላል፣ ቀን ያነሳል። ሲኖርሽ ትከፍያለሽ።”

ገንዘቡን ዘረጋሁለት። አልቀበልም ብሎ እጁን ወደ ኋላ አደረገ። እንደምንም ጥዬለት ወጣሁ። በራችን ላይ ደግሞ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ቆማ ትጠብቀኛለች። “ለልጅሽ የሚሆን ቀሚስ አለኝ፣ አንዴ ብቻ ነው የተለበሰው” አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ማን ሞተብኝ?

የካቲት 20

አማቴ ናቸው!

“እማማ፣ ለባለሱቁ ምን ብለውት ነው?”

“ምራቴ ከሥራ ወጣች አልኩት።”

“ልምምድ ነው አላልኩዎትም?”

“አንቺው አይደለሽ እንዴ ልምምድ ነው ማለት ክልክል ነው ያልሽው? ካወቁ አይሮጡም አላልሽም?”

 እውነታቸውን ነው። ከመካከላችን ደንቡን በትክክል የጠበቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ስኳራቸውን መቀነስ ብንከለክላቸውም ይቺን ደንብ ይዘዋል።

“ሌላስ ለማን ነገሩ?”

ለልብስ ሰፊዋ። ለክሊኒኳ ነርስ። ለፋርማሲው ልጅ። ቆም አሉ። “ለታናሽየውም በስልክ።”

“እሱስ ምን አለ?”

“እመጣለሁ አለ።”

የካቲት 21

መጣም። የሰውዬው ታናሽ ወንድም ጎማ ነጋዴ ነው፣ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። ልቡም ድምፁም ትልቅ ነው። መኪናውን በር ላይ አቁሞ “የታል የእማዬ ዕቃ?” እያለ ገባ። ክፍል አስቀብቷል። አልጋ ገዝቷል። ሚስቱ መጋረጃ ሰቅላለች። ሁሉ በአንድ ቀን!

ለሱ ማስረዳት መከራ ነበር።

“ታዲያ ከሥራ አልወጣሽም?”

“አልወጣሁም።”

“ደሞዝ ይከፍሉሻል?”

“ይከፍሉኛል።”

“ታዲያ ምስር ለምን ትበላላችሁ?”

በመጨረሻ ገባውና ግድግዳው እስኪነቃነቅ ሳቀ። ሲወጣ ግን ለብቻዬ ጠራኝ። “እህቴ፣ ክፍሉ ክፍሉ ነው። ነገሩ እውነት ከሆነ ደውይልኝ። በማግስቱ መጥቼ እወስዳታለሁ።” ደግ ሰው ነው። በደግነቱ ፈራሁት።

አማቴ መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ በሩ ላይ ቆመው አዩት። መሄድ ፈልገው ይሆን? ወይስ መቅረታቸው ደስ ብሏቸው ነው? ቀለም ቢሆን አውቀው ነበር። የሳቸው ፊት ግን እንኳን ለኔ ለወለዱትም አይነበብ።

የካቲት 30

ሁለተኛው ደሞዜ ከመጀመሪያው አጠገብ ገባ። የባንኩን መልእክት ደጋግሜ አየሁት። ደሞዝ እኮ እኔ ጋ ጥድፊያ የያዘው እንግዳ ነው፣ ሻይ እንኳን ሳይጠጣ ነው የሚወጣው። ተቀምጦ ሳየው አፈርኩ ልበል ደስ አለኝ?

መጋቢት 2

ማሽኗ ደረሰች። በመርከብም በአውሮፕላንም አይደለም፣ በአሮጌ ፒክአፕ። ትንሽዬ ሳጥን ናት። ሬዲዮ ዞር ዞር ብላ አየቻትና “ሰው ትበላለች ሲሉ ትልቅ መስላኝ” አለች።

መጋቢት 7

ሁለት ነገር ሆነ። በየተራ ልጻፍ…

ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። ደረጃውን ስወጣ እፈራለሁ ብዬ ነበር። አልፈራሁም። ምን ያደርገኛል? የተቀመጠ ደሞዝ አለኝ። ምስር መብላት እችላለሁ። የወር ልምምድ አለኝ! ተቀመጥኩ።

“ማሽኑን የምትይዘው አንቺ ነሽ” አለኝ። “ሥልጠናው ከሰኞ ይጀምራል።”

“እኔ?”

“ሌላ ማን አለኝ? ለምንድነው እንዲህ የምታይኝ?”

“ምንም…”

“ልትለቂ ነው ሲሉ ሰምቼ ተናድጄብሽ ነበር። ሳትነግሪኝ።”

ከማን ሰማ? ከሚስቱ። ሚስቱስ? ልብሷን ከምታሰፋበት፣ ከኛው ጎረቤት! አማቴ ጉድ ሠርተውኛል። ወጥቼ መጸዳጃ ቤት ገባሁና በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። የደስታ ነው፣ የድካምም ነው። ከጥር ጀምሮ አንገቴ ላይ የተቀመጠ ነገር ወረደልኝ።

ስመለስ ሥጋ ገዛሁ። ልምምዱ አብቅቷል ልላቸው፣ በሥጋ። ሰውዬው ቀድሞኝ ገብቷል። በዚህ ሰዓት? ጃኬቱን እንኳን አላወለቀም።

“ፋብሪካው ተሸጠ” አለ። “አዲሱ ባለቤት የራሱ መኪናዎች፣ የራሱ ሾፌሮች አሉት። እኛ እስከ ወሩ መጨረሻ ነን።”

ሥጋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

“ሰው መተኛት አቆመ እንዴ?” አለች ዳኛዋ፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ማንም አልሳቀም። አማቴ ተነስተው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እማዬ ለጊዜው ታናሼ ጋ ብትሄድ ይሻላል” አለኝ።

የዚህ ቤት ግድግዳ ስስ ነው። ሰምተውታል።

መጋቢት 8

ተናድጃለሁ። በፍራሹ ፋብሪካ፣ በሱ፣ በራሴም… ለምን አልጮህኩበትም?

ሥራ ላይ ሆኜ ቀለሙን እያማሰልኩ ድንገት ሳቄ መጣ። የተሳሳተ ሰው ነው ያባረርነው! እኛ እኔን አስወጥተን እሱን አስቀረን። ኑሮ ደግሞ እኔን አስቀርቶ እሱን አስወጣ። ቆይ ግን… ቆይ። የኖርነው በማን ደሞዝ ነው? በሱ፣ በትንሹ። የቀረው የማን ነው? የኔ፣ ትልቁ። የተቀመጠውን ሳንነካ በኔ ብቻ ካለፉት ሳምንታት የተሻለ እንኖራለን። ምስር እንቀንሳለን እንጂ አንጨምርም!

ማማሰያውን ይዤ ቆምኩ። እፎይ። ምንም አልሆንም። እውነት እውነት ምንም አልሆንም።

አማቴ ግን ይኼን አያውቁም። ለሳቸው ምሰሶው ወድቋል። ቤት ስገባ ልብሳቸውን እያጠፉ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ያበቃል፣ “የኔ ደሞዝ ይበልጣል” ብል። ግን ቃሉ የኔ አይደለም። ልጃቸውን ፊታቸው ላይ ዝቅ አድርጌ ባስቀራቸው ምን ዓይነት መቅረት ነው?

መጋቢት 9

ሰውዬውን ለብቻው ያዝኩት።

“በኔ ደሞዝ መኖር እንደምንችል ታውቃለህ አይደል?”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ እናትህ ለምን ይሄዳሉ?”

 ጫማውን ያያል። “እማዬ ምን ትለኛለች?” አለ በመጨረሻ።

ፀጉሩ ሸብቷል። እማዬ ምን ትለኛለች… ልጣላው ነበር፣ አንጀቴን በላው። ሻይ አፈላሁለት። ወንድሙን እሑድ እንዲመጣ ጠርቶታል። “እንግዲህ አንተ ታውቃለህ” አልኩት። ከዚህ በላይ ምን እላለሁ?

መጋቢት 12

ታናሽየው በጠዋት መጣ። የአማቴ ሻንጣ ሳሎን ውስጥ ቆሟል፣ እሳቸውም አጠገቡ ኮታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ዳኛዋ አያቷን አቅፋ ፊቷን ቀብራለች። እኔ ማሰሮ እየፈተግሁ ነው፤ ንጹሕ ማሰሮ።

ታናሽየው ሻንጣውን አነሳ።

“አስቀምጠው” አለው ሰውዬው።

“ይቀላል፣ አይከብድም።”

“አስቀምጠው አልኩህ። ቁጭ በል።” ጆሮው ቀልቷል። “የሷ ደሞዝ ከኔ ይበልጣል።”

ማሰሮውን መፈተግ አቆምኩ።

“ሁልጊዜም ይበልጥ ነበር። እማዬ፣ ቤቱን የያዝኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። አብዛኛውን የያዘችው እሷ ናት። አልነገርኩሽም… አፍሬ ነው። ከወር በላይ የኖርነው በኔ ብቻ ነው። አሁን የሚቆመው የኔው ደሞዝ ነው። የሷ አለ። ስለዚህ የትም አትሄጂም።”

አማቴ ቀና አሉ። እሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መልሰው እሱን።

“እንግዲያው ያ ሁሉ ምስር ያንተ ነበር?”

“የኔ ነበር።”

“እኔ ደግሞ እሷ ቆጥቋጣ ሆና መስሎኝ በሆዴ ስንቱን አልኳት!”

መጀመሪያ ታናሽየው ሳቀ። ከዚያ ዳኛዋ፣ ከዚያ እኔ። በመጨረሻ ሰውዬው ራሱ፣ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ። አማቴ አልሳቁም። “እግዜር ሳይደግስ አይጣላም” አሉና ኮታቸውን አወለቁ። “አስቀድሞ ባያለማምደን ኖሮ ዛሬ ምን ይውጠን ነበር?”

ታናሽየው ቅር ብሎታል። ትምህርት ሲዘጋ አያትና የልጅ ልጅ መጥተው ይሰነብቱልሃል አልነው። “እስከዚያ ክፍሉ ውስጥ ጎማ አስቀምጣለሁ” ብሎ ባዶ መኪናውን አስነሳ።

ሰውዬው ዛሬ ቀለል ብሎታል። ያስታውቃል። እኔም ቀሎኛል። አማቴ ብቻ… ልብሳቸውን መልሰው ሰቀሉ፣ ምሳ ሲቀርብ በሉ፣ እንደ ድሮው ምንም ሳይጠይቁ። ቀሩ እንጂ እቀራለሁ አላሉም።

መጋቢት 18

ሥልጠናው አለቀ። ማሽኗና እኔ እየተዋወቅን ነው። ጠዋት ጠዋት እንደኔ ናት፣ እስክትሞቅ ድረስ አታናግሩኝ ትላለች።

መጋቢት 27

ሰውዬው ሥራ ይፈልጋል። ማመልከቻውን ዳኛዋ ትጽፍለታለች፣ ፊደሉን እያረመች። እሱ ደግሞ ላገኘው ሁሉ ይናገራል። ድሮ ቢሆን ይሞታታል እንጂ አይናገራትም። ዛሬ ባለሱቁን፣ “ከሥራ ወጥቻለሁ፣ ሾፌር የሚፈልግ ሰው ካወቅህ” አለው። ባለሱቁ ከላይ እስከ ታች አየው።

“ይኼም ልምምድ ነው?”

እኔን በምን ዓይን እንዳየኝ! ከእንግዲህ የዚህን ቤት ችግር ማንም አያምነንም። በስንት መሐላ አምኖ፣ ለአንድ ውሃ አከፋፋይ ሊነግርለት ቃል ገባ።

ሚያዝያ 2

ቅዳሜ። ጠዋት ሻይ እየጠጣን ነበር። ሰውዬው ውሃ አከፋፋዩ ጋ በሳምንት ሁለት ቀን ይነዳል፣ ቋሚ ሥራ ገና ነው። ያለፈው ወር ደሞዙ የመጨረሻው ነበር። ማንም ስለሱ አላነሳም፤ ስለ ኳስ ነበር የሚያወሩት።

አማቴ ኩባያቸውን አስቀመጡ። ጨው አቀብሉኝ እንደሚል ሰው፣

“ጫማ ያስፈልገኛል” አሉ።

 ዳኛዋ ከስልኳ ቀና አለች።

“ይኼኛው ተረከዙ አልቋል። ጥሩ ጫማ ነው የምፈልገው። ርካሽ አልፈልግም።”

“እማዬ፣ አሁን?” አለ ሰውዬው። “ሥራ እንደሌለኝ እያወቅሽ…”

“አንተን ማን ጠየቀህ? ልጄን ነው የጠየቅሁት።”

ወደኔ እያዩ ነው።

ጓዳ ገባሁ። ቧንቧውን ከፍቼ ፊቴን ታጠብኩ፣ እንደገና ታጠብኩ። ስወጣ “ልብስዎን ይልበሱ፣ እንሂድ” አልኳቸው። ዓይኔ ቀልቶ ነበር። ያዩኝ አይመስለኝም። ወይም አይተው ትተውኛል።

አስቸገሩ። አንዱ ይጠባል። አንዱን “የአሮጊት ነው” አሉ። ሦስተኛው ቤት ያለው ይሆናል ብዬ ነበር፤ “ይኼ ምኑ ቡኒ ነው? ጭቃ ነው እንጂ። ቀለም ታውቃለች የሚሉሽ እንዲህ ነው?” ብለው በሻጩ ፊት ተቆጡኝ። ሻጩ አፈረልኝ። እኔ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ። ነገ የሚሄድ ሰው እንዲህ ይቆጣል?

በመጨረሻ አንዱን ወደዱት። ውድ ነው። ዋጋውን ደግሜ ጠየቅሁ፣ ያው ነው። ከፈልኩ። አሮጌውን እዚያው ጥለው አዲሱን ተጫምተው ወጡ፣ እግራቸውን እያዩ፣ ክንዴን ይዘው።

መንገዱን ስንሻገር፣ “ለዛሬ ይበቃል” አሉኝ። “ክረምት ሲገባ ካፖርት ትገዢልኛለሽ።”

“እሺ እማማ” አልኳቸው።